ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ጀሶ

ሰኔ 3
የምክር ቤቱ ስብሰባ እንደወትሮው ረዘመ። ከንቲባ መሆን ለካ ስለ ፍሳሽ ቱቦ ሲወራ መዋል ነው... አመሻሹ ላይ ልጄ መጣች፤ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ከከተማው ጀርባ ካለው ገደል ሥር፣ ደለል ተደራርቦ ከጠነከረው አለት መሃል፣ የዓሣ ቅሪተ አካል አግኝታለች። ሙሉውን፣ ከነቅርፊቱ።
"አባዬ፣ እዚህ እኮ ባሕር ነበር!"
"ዛሬ የቧንቧ ውሃ እንኳ የለንም" አልኳት። ሳቀች።

ሰኔ 9
ገደሉን አየሁት። ምነው ባላየሁት! ከምትቆፍርበት በላይ አለቱ ወደ ውጭ አዘንብሏል። ዞረን አናቱ ላይ ወጣን፤ አለቱ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ክንዴን ይውጣል። ቅሪተ አካል በምትጠቀልልበት ጀሶ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ለጠፈችው።
"ገደሉ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰበራል። ያን ቀን ቁፋሮውን ትቼ እወጣለሁ፤ ቃሌ ነው።"

ሰኔ 14
ዘነበ። በስብሰባው መሃል ነጎድጓድ ሲጮህ ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። "ክቡር ከንቲባ፣ ደህና ነዎት?" ደህና ነኝ አልኩ። ምን ልበል? ፈርቻለሁ ልበል?

ሰኔ 15
ጀሶው ደህና ነበር፤ አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። ተመስገን ብዬ ልመለስ ስል ዳበስኩት። ጣቴ ነጭ ሆነ። ዝናብ ይሆን? አይደለም... ገና ያልደረቀ ጀሶ ነው። አጎንብሼ አየሁ፤ የፊተኛው ተሰብሮ ስንጥቁ ውስጥ ወድቋል። ልጄ በላዩ ሌላ ለጥፋለች።
ከታች የመዶሻዋ ድምፅ ይሰማል። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ክንዷን ያዝኩ።
"አባዬ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የቀረኝ። ነገ..."
"ነገ የለም።"
"የምታዘኝ እንደ ከንቲባ ነው እንደ አባት?"
"እንደ ፈሪ።"
ቦታውን በአጥር አሳጠርኩ፤ ጥበቃም አቆምኩበት።

ሰኔ 18
አታናግረኝም። ገደሉም አልወደቀም። ተሳስቼ ይሆን?

ሰኔ 21
ቀትር ላይ የቢሮዬ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ጥበቃው ደወለ፤ "ገደሉ ተናደ፣ ክቡርነትዎ! ሰው ግን አላየሁም።" አላየሁም ማለት ምን ማለት ነው? ልጄ ስልክ አታነሳም... የቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስልኩ እጇ ውስጥ ይጮሃል፤ እሷ ዓይኗን ከገደሉ አልነቀለችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

መስከረም 28
ዝናቡ አበቃ። ናዳው የገለጠው አለት ዓሣ በዓሣ ነው አሉ። ልትቆፍር ትፈልጋለች፤ ከአናቱ ግን አዲስ ስንጥቅ አለ።
"ፈራሁ" አልኳት።
"እኔም።"
ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጀሶ የበጠበጠችበትን ባልዲ አቀበለችኝ።
"አንተ ለጥፈው። ጠዋት ጠዋት የምትዳብሰውም አንተ ነህ። እሺ ሳትለኝ አልገባም።"
ለጠፍኩ። ጥፍሬ ሥር የገባው አልለቅ ብሎ፣ ይህን ገጽ ሁሉ ነጭ አደረገው።