መንገዱን ተሻግሬ

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ዛሬ ባንኩ ብድር ከለከለኝ። «እትዬ ወርቄ፣ ካርታ ያለው ቤት ካላስያዙ አይሆንም፤ ውሳኔው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው» አለኝ የብድር ኦፊሰሩ። የድሮው ሥራ አስኪያጅ መጋዘኔ ድረስ መጥቶ፣ የማሩን በርሜል አስከፍቶ ቀምሶ ነበር የሚፈርመው። አሁን አዲስ አበባ ያለው ማን ሊቀምስልኝ ነው!

ተናድጄ ወጣሁና እንደ ልማዴ መንገዱን ተሻገርኩ። ድሮ አንዱ ባንክ ፊት ሲነሳኝ፣ ማዶ ያለው ወንበር ስቦ ይቀበለኝ ነበር። ማዶ ያለችው ልጅ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ «ቅድም እዚያ ጠይቀው ተከልክለዋል እኮ። ሁለቱ ባንኮች ከተዋሃድን ወዲህ አንድ ነን» አለችኝ። የሁለቱም በር ላይ አንድ ዓይነት ታፔላ መሰቀሉን በየቀኑ አያለሁ። እግሬ ግን ልማዱን አልተወም።

ቅዳሜ የቢታ ገነት ገበሬዎች ማራቸውን ጭነው ይመጣሉ። «ለሌላ እንዳትሸጡ፣ እኔ እጅ በእጅ እከፍላለሁ» ብዬ ያቆየኋቸው ራሴ ነኝ።

ማር ሊገዛ ከጅማ የመጣ አንድ ነጋዴ ብድር መከልከሌን ሰምቶ ኖሮ፣ ማምሻውን ሱቄ መጣ። «እትዬ፣ ለቅዳሜ መጋዘንዎን ያከራዩኝ፤ የገበሬዎቹን ማር እኔ ልረከብበት» አለኝ።

እምቢ አላልኩትም።