አባትሽ ልብስ ስፌት ቤቱን ከፈተ

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ምሳሽንስ በሰዓቱ ትበያለሽ? እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፣ ጉልበቴም እያጉረመረመ ያራምደኛል።

አባትሽ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ስፌት ቤቱን ከፈተ። እኔም አብሬው ዋልኩ። እጁ ደህና ነው፣ መቀሱን እንደ ድሮው ይይዛል፤ ያስቸገረው አንደበቱ ነው። “ክር” ሊል “ውሃ” ይላል። ደንበኛው ሁሉ ደግሞ ጆሮው የተመታ ይመስል ይጮህበታል።

ከሰዓት በኋላ አንቺን ስወልድ ያዋለደችኝ አዋላጅ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ለክቷት ሲጨርስ አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልመጣ አለው። እኔ “እጅጌው ነው? ርዝመቱ ነው? ቁልፉ ነው?” እያልኩ ስቀባጥር፣ ሜትሩን ወርውሮ ጀርባውን ሰጠን።

“ተዪው እስቲ፣ እኔ ምጥ መጠበቅ ለምጃለሁ” ብላ ቁጭ አለች። ዝም ብለን ጠበቅነው። ቆይቶ ቆይቶ ዞር አለና፣ “አንቺ... ወፍረሻል!” አላት። ቀድማ የሳቀችው እሷው ናት። በሽታው ተረቡን አልወሰደበትም።

ፈጣሪ መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅልኝ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትደውዪ አባትሽ ዝም ቢልሽ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ስልኩን እንዳትዘጊው። ባለፈው ስምሽ የመጣለት አንቺ ከዘጋሽው በኋላ ነው።

እናትሽ