የብረት በር ያለው ክፍል

ይድረስ ለእህቴ ለአትክልት፤

የጎንደር ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛ የአሽዶድ ሙቀት ቢያቀልጠንም ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን።

ልጄ ኦዴል ውትድርናዋን ከጨረሰች ወዲህ አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። «ራሴን ልቻል» ብላ መሃል ከተማ፣ ሃኪርያ የሚባል ሰፈር፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታለች። ለብቻማ ኪራዩ የሚቀመስ አይደለም! ከክፍሎቹ ለእሷ የደረሳት ማማዱ ነው፤ ሮኬት ሲመጣ የሚሸሸጉበት፣ በሩ ብረት የሆነው ክፍል። «ታዲያ አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ሲጮህ ጓደኞችሽ የት ይገባሉ?» ብላት፣ «አልጋዬ ላይ ይደረደራሉ፣ እማ» ብላ አሳቀችኝ። እኛማ ሕንጻችን አሮጌ ስለሆነ ደረጃው ላይ ነው የምንቀመጠው።

ሰሞኑን «አከራዩ ኪራይ ጨመረብን» አለችኝ። ዓርብ ልብሷን ልታጥብ መጣች፤ በዚህ ሙቀት የብርድ ካፖርቷን ሳይቀር ተሸክማ! ትናንት ደግሞ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ አዛካው ጮኸ። ወዲያው ደወልኩላት። «ደረጃ ላይ ነኝ፣ እማ፤ ደህና ነኝ» አለችኝ። ማማድ ውስጥ የሚተኛ ሰው ደረጃ ላይ ምን ያደርጋል? ቤቱን ሳትለቅ አልቀረችም ብዬ ጠረጠርኩ፤ ግን አልጠየቅኋትም። ኩራቷ እንደ አባታችን ነው።

አንቺ ስትመጪ እኛ ቤት የምታርፊበትን ክፍል አጽድቼ አልጋውን አንጥፌዋለሁ። ኦዴል ስትደውልልሽ፣ «እስክመጣ ክፍሌን እየተኛሽበት ጠብቂልኝ» በያት። ከእኔ የመጣ እንዳይመስላት፣ አደራ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

መምጫሽን የምትጠብቅ እህትሽ፣
ያለምወርቅ