ምድጃው ያለበት ጥግ

ሴፕቴምበር 23፣ 1946
ዛሬም ጡብ። ከጠዋት እስከ ማታ የፈረሰ ጡብ በመዶሻ እየመቱ የደረቀውን ሲሚንቶ ማራገፍ... ጣቶቼ የእኔ አይመስሉም። ምሳ የድንች ሾርባ ነበር፤ ድንቹን ያየው ሰው ግን የለም።

ይህ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ ዓመት በላይ ድልድይ ሠሪና ባቡር ሠሪ ያፈራ ነው። ከጦርነቱ የአየር ድብደባ በኋላ አሁን ግማሹ የድንጋይ ቁልል ነው። መማር የፈለገ መጀመሪያ ግማሽ ዓመት ፍርስራሽ ያነሣል። ሕጉ ነው። ትልቁ አዳራሽ በኖቬምበር ከደረሰ አንደኛ ዓመቶች እንገባለን። ካልደረሰ ለሚመጣው ዓመት... ያኔ ደግሞ ከምርኮ የሚመለሱት ወንዶች ይቀድማሉ፣ ሴት መጨረሻ። ይህን የነገረን ሁላችን 'ሄር' እያልን የምናከብረው የግቢው ኃላፊ ሄር ኮልበ ነው፤ እኔን እኔን እያየ።

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ኢንጂነር ልትሆን ነው ብላ ጨርሳለች። ካልገባሁ የት ልግባ?

ኦክቶበር 4
አንድ ነገር አየን። ነገ እጽፋለሁ። 

ኦክቶበር 5
ልጻፈው። አብሮኝ የሚሠራው ሃይነር ሉደርስ ይባላል። ከጦርነት የተመለሰ ነው፣ ወሬ አይወድም፣ ከባድ ከባዱን ግን ሁሌም እሱ ያነሣል። ትናንት በአዳራሹ የሰሜን ጥግ ፍርስራሹን ጠርገን ወለሉ ላይ ስንደርስ ጉድጓድ አገኘን። ክብ። ባልዲ የሚያስገባ። ዙሪያው አልተበታተነም፣ ግድግዳውም አልተነካ... ከላይ የመጣ ነገር ወለሉን በስቶ ገብቶ፣ ዝም ብሎ ተኝቷል።

የሃይነር ፊት አመድ መሰለ። ጦር ሜዳ ፈንጂ ያነሣ ነበር፣ ስለዚህ ያውቃል። ጠጠር ጣለ፣ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደ ሁልጊዜው ወይዘሪት ብሎ ጠርቶኝ፣ ቀስ ብሎ፦

"ፍሮይላይን ሃርምስ፣ ይህን ያየነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።"

ለሄር ኮልበ እንንገር አልኩ። ከነገርን ከተማችንን የያዙት እንግሊዞች አዳራሹን በሽቦ ያጥሩታል፣ ፈንጂ አንሺዎቹ ተራችን ደርሶ እስኪመጡ ክረምቱ ያልፋል፣ ምዝገባውም አብሮ ያልፋል አለኝ። አልዋሸም። የኛ ሰፈር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ተገኝቶበት ከፋሲካ ጀምሮ እንደታጠረ ነው። ይፈነዳል ወይ? ብዬ ጠየቅኩ። አንዳንዱ እዚያው ዝጎ ይቀራል አለ። ሌላውስ? ስል ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረ።

ጡብ አቀበልኩት። እሱ ደረደረ፣ ለሰነ። አስተካክለን፣ አሳምረን ደፈንነው። ያቀበልኩት እኔ ነኝ... ማንም አላስገደደኝም።

ኦክቶበር 9
እንቅልፍ የለም። ትራም ባለፈ ቁጥር ከአልጋዬ ዘልዬ እነሣለሁ። እናቴ ምን ሆነሻል አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

ኖቬምበር 4
ተመዘገብኩ። ወረቀቱን ይዤ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ።

መክፈቻውን ንግግር ያደረጉት ፕሮፌሰር ቲማን ናቸው። ከአንዲት ትንሽ የሙያ ትምህርት ቤት እንዴት እንደተነሣን፣ የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ፣ ተርባይኑ፣ ዝናው... ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በወደቀው አገዛዝ ዘመን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ "እንዴት ይሠራል?" ብቻ ነበር የምንለው፣ "ለምን ይሠራል?" ያለ አልነበረም አሉ። ከእንግዲህ ኢንጂነርም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ስለ ደግና ክፉ ይማራል።

ንግግሩ ሲያልቅ ተማሪው እንደ ልማዳችን በጭብጨባ ፈንታ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን አንኳኳ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝ። እኔና ሃይነር ብቻ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። እባካችሁ ቀስ በሉ ማለት አማረኝ። ምን ቤት ነሽ ቢሉኝስ?

ኖቬምበር 20
ጉድ ፈላ። ምድጃ መጣልን። የብረት፣ ሰው ተሰብስቦ በመከራ የሚገፋው። ሄር ኮልበ የት አቆመው? እዚያው ጥግ። ሌላው ወለል ሁሉ ጎርበጥባጣ ነው፣ ይሄኛው ግን እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል፣ ብረቱን ይችላል እያለ እኔንና ሃይነርን በሰው ፊት አመሰገነን። ሥራችን አምሮ ነው እኮ... እሳት በላዩ ላይ!

ጭሱ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፣ ወደ በሩ ብናስጠጋው? አልኩት።

"ፍሮይላይን፣ ጭስ ማውጫው በዚህ በኩል ነው። ይህን ሳያዩ ነው ኢንጂነር የሚሆኑት?" አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ዲሴምበር 3
ተማሪው ከየቤቱ ከሰል በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። ምድጃው አጠገብ ለመቀመጥ ግፊያ ነው። ወንዶቹ በጨዋነት ቦታውን ለሴቶች ለቀቁ። ኦርትሩን ፋስ፣ ያቺ ሳንባዋን የሚያማት ልጅ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ነው የምትማረው። ባየችኝ ቁጥር ቦታ ይዤልሻለሁ ነይ ትለኛለች።

እኔና ሃይነር መስታወቱ በረገፈና ካርቶን በተለጠፈበት መስኮት ሥር እንንቀጠቀጣለን። ፍቅር ነው የሚያሞቃቸው እያሉ ያሙናል። ይሙን።

ኦርትሩንን ቦታ ቀይሪ ብዬ ለመንኳት። ለምን? አለችኝ። 

ዲሴምበር 11
ሃይነርን ከግቢ ውጭ ጠብቄ ጠየቅኩት። ሙቀት ምን ያደርገዋል?  ዘግይቶ እንዲፈነዳ የሚያደርገው ሰዓቱ በፈሳሽ የሚሠራ ዓይነት አለ፣ ፈሳሹ መምቻውን የያዘውን ማገጃ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ማገጃው ሲያልቅ ይፈነዳል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል አለኝ። የኛው የትኛው ነው? አያውቅም።

አሁኑኑ እንንገር አልኩ። አሁን መባረር ብቻ አይደለም፣ የእንግሊዞቹ ፍርድ ቤት ነው አለ። "ከምርኮ ካምፕ የወጣሁት ሌላ ካምፕ ልገባ አይደለም።" ፈሪ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔስ ምንድን ነኝ? አፈር ልሁን፣ ወረቀቴን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው።

ዲሴምበር 17
ተናገርኩ።

የቲማን ትምህርት ነበር፣ ያው የደግና የክፉው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሄር ኮልበ ምድጃውን እስከ አፉ ሞላው። ጎኑ ቀላ። ድንገት ከሥሩ ጧ አለ። ጡብ ነው የተሰነጠቀው... ይመስለኛል። ኦርትሩን እንኳ ዞር አላለችም። እኔ ግን ቆሜአለሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

"ፍሮይላይን ሃርምስ?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ከምድጃው ሥር ያልፈነዳ ቦምብ አለ። በኦክቶበር አይቼው ዝም አልኩ።"

የሳቀ የለም። የጮኸም የለም። የአየር ድብደባ ያሳደገው ሕዝብ ነው፤ በየረድፉ ተነሥቶ በእግሩ ጣት ወጣ። ኦርትሩን ግን ሳል ይዟት ከወንበሯ መነሣት አቃታት። ሃይነር ወደ ምድጃው ሄዶ ተሸከማት። ሲወጣ ለፕሮፌሰሩ "የደፈንኩት እኔ ነኝ" አላቸው። እሷ ትከሻው ላይ ሆና አየችኝ። ያ አስተያየት...

ሄር ኮልበ አልወጣም። ብቻውን ቀርቶ ፍሙን በአካፋ እየዛቀ፣ በባልዲ እያመላለሰ በረዶ ላይ ደፋ። እየተሳደበ። የሚሰድበው እኔን ነው። እውነቱን ነው።

ጃንዋሪ 8፣ 1947
ፈንጂ አንሺዎቹ አወጡት። ጥጃ ያክላል። ያ የፈሳሹ ዓይነት ነው። ምን ያህል እንደቀረው ልጠይቅ ስል ሃይነር ክንዴን ያዘና "አትጠይቂ" አለኝ። አንቺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

አዳራሹ ተዘጋ፣ አንደኛ ዓመት በሙሉ ወደየቤቱ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ የለም። ግማሹ ስለደበቅኩ ይጠላኛል፣ ግማሹ ስለተናገርኩ። እናቴ ከጎረቤት ጋር መነጋገር አቁማለች።

ቲማን አስጠሩን። ለምን ዝም አላችሁ? መማር ፈልጌ ነው አልኩ። ጠረጴዛቸውን አቀርቅረው ብዙ አዩት። አሥራ ሁለቱንም ዓመት የተቀመጡት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እርስዎስ ለምን ዝም አሉ ማለት እችል ነበር። ፈራሁ። ለፍርድ ቤት አልሰጡንም፤ ምዝገባችን ተሰርዞ እንደገና ጡብ።

ኖቬምበር 10፣ 1947
ገባን። ያው አዳራሽ፣ ያው ምድጃ፣ ያው ጥግ። ጭስ ማውጫው አልተነቃነቀማ። ጥጉ ግን ባዶ ነው። ያ ሁሉ ሰው መስኮቱ ሥርና በሩ አጠገብ ተጨናንቆ ጥርሱን ያፋጫል። ኦርትሩንም እዚያው በሩ ጋ ናት፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ እያሳለች።

እኔና ሃይነር ምድጃው አጠገብ ተቀመጥን። እጄ ሞቀ። ግን ጠረጴዛ ማንኳኳቱ ሲጀመር እንደ ድሮው እጄን አጣጥፌ ወለሉን አየሁ። ሃይነር አየኝ።

"አሁን ምን ያስፈራሻል? እስከ ታች ተቆፍሮ የታየው ይሄ ጥግ ብቻ ነው እኮ።"

ይሄ ጥግ ብቻ...

ቦርሳዬን ከጎኔ ካለው ወንበር አነሣሁና ለኦርትሩን በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ነይ። አየችኝ። ራሷን ወዘወዘች፣ ከእኔ ራቅ ለማለት ወንበሯን ወደ በሩ ሳብ አደረገች፣ ወደዚያ ማንም ቆፍሮ ወዳላየው ወለል።