አፏን የዘጋች ፊደል

ለአንጀቴ ልጅ፣

በሄድክበት ሁሉ መንገዱ ይቅናልህ፤ ደግ ሰው አይጥፋብህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ የማድ ቤቱን ጣሪያ ዛሬም ነገም እያለ አላስጠገነውም። እህትህ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ አግኝታለች።

እኔን ግን እንግሊዝኛ አንጀቴን አሳረረው። አማርኛ ከማትሰማው ልጅህ ጋር ላወራ ብዬ ከስፌት ቤት ስወጣ ትምህርት እንደምገባ ታውቃለህ። ባለፈው ስንደዋወል ጉልበቴን እንዳመመኝ ልነግራት ከመጽሐፍ ያጠናሁትን "ማይ ክኒ" አልኳት። ደጋግሜ ብላት አልገባትም፤ ስልኩን ላንተ ሰጥታ ሄደች። ያን ቀን ምግብ አልበላ አለኝ።

በማግስቱ አስተማሪዋን ጠየቅኳት።

"እማማ፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው ኬ አትነበብም" አለችኝ።

"ካልተነበበች ምን ልትሠራ ተጻፈች?"

"እንዲሁ ናት፤ መሸምደድ ነው።"

የእኛም "ሀ" ብዙ ዓይነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አንዱም አፉን ዘግቶ አይቀመጥም! ተናድጄ ጥያት ወጣሁ። አባትህ "በዚህ ዕድሜሽ ምን አስጨነቀሽ?" ሲለኝ ግን እልህ ያዘኝና ተመለስኩ። ትናንት ደግሞ "ቢላዋ" በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ተማርን። ያቺው ጉደኛ ኬ እዚያም ከፊት ተቀምጣለች! ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ሳልሳሳት አነበብኩት።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ ልጄ። ስሳሳት ልጅህ ስልኩን ላንተ አትስጥ፤ እሷው ታርመኝ። ከፈለገች ትሳቅብኝ፣ ብቻ አትሂድብኝ።

ፈጣሪ የልጅ ልጅ ያሳይህ፤ ያውም ሲያወራህ የምትሰማው።

እናትህ