ኪቦርድህ ዝም ካለ ወዲህ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ብጀምር መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ኪቦርድህ ልግባ፤ አንተም ከእኛ ደህንነት አስቀድመህ የምትጠይቀው እሱን ነበር።

ኪቦርድህ ደህና ነው። ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል ተቀምጧል። እማዬ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ገልጣ በለስላሳ ጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ቁልፎቹ ከቆሸሹ ጨርቁን በጥቂቱ ታረጥብና ጥብቅ አድርጋ ትጨምቀዋለች። ብርጭቆ የያዘ ሰው እንግዳም ቢሆን አጠገቡ አይደርስም። ሻንጣህን ይዘህ እየወጣህ እንኳ የጨቀጨቅከን በዚሁ ነበር። ገመዱን ይዛችሁ እንዳትጎትቱ፣ ራሱን ሶኬቱን ያዙ፤ የራሱ ያልሆነ አዳፕተር እንዳትሰኩበት፤ ባትሪው ማፍሰስ ከጀመረ ቶሎ አውጡት፤ መብረቅ ካለ ንቀሉት። ስለ አባዬ ግን አንድ ቃል አልተነፈስክም።

አልፈርድብህም፤ ተኮራርፋችሁ ነበር። "ሥራ ማለት ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ነው" ያለህ ቀን አንተ የማይባል ነገር መለስክለት፣ እሱም ሁለተኛ እኔ ክፍል እንዳትገባ አለህ። ሁለት ግትሮች በአንድ ግድግዳ ተለያይታችሁ ከረማችሁ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ስኳሩ እግሩን ወስዶ ዓይኑን አደብዝዞ አልጋ ላይ ሲያውለው የቀረው ጆሮው ብቻ ነበር። አንተ ከሙዚቃ ባንዱ ጋር ለሥራ ድንበር የተሻገርክ ሰሞን ከሆስፒታል ገና መውጣቱ ስለነበር፣ እማዬ እስኪያገግም መሄድህን አንነግረውም አለች። ያ "እስኪያገግም" ሳያልቅ ቀረ።

እንዴት ሊደበቅ ቻለ ትል ይሆናል። የደበቅክልን አንተ ራስህ ነህ። አንድ አመሻሽ ላይ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ድምፁን ዝቅ አድርጌ አበራሁትና የማላውቀውን ቁልፍ ስነካ፣ ስትለማመድ የቀዳኸው ዜማ ተነሳ። ያ መሃሉ ላይ ተሳስተህ፣ ትንሽ ዝም ብለህ፣ ከመጀመሪያው የጀመርከው። ላጠፋው ስል አባዬ ከወዲያኛው ክፍል ሳቀ። "ጌታው ዛሬ ተነሳበት" አለ፣ አንተን መሆኑ ነው። እማዬ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ። አላጠፋሁትም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ልማድ ሆነ። አባዬ እራቱን የሚበላው ያንን እየሰማ ነበር። መቼም መተቸት አይተውም፤ ይሄ ልጅ ሌላ አያውቅም እንዴ፣ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ነው የሚሳሳተው፣ በየቀኑ የሚነዱበት መንገድ ጉድጓዱ አይታወቅም ወይ ይላል። እኔም እልኸኛ ነው፣ ያንተው ልጅ አይደል እለዋለሁ። ኩርፊያችሁ ጠቀመን፤ ለምን ወደ እኔ አይገባም ብሎ ጠይቆ አያውቅም። መጀመሪያ መጀመሪያ ስትደውል ጓሮ ወጥተን እናዋራህ ነበር። ከዚያ ስልክህ ተዘጋ። የባንዱ ሰዎች መንገድ ላይ ተለያየን ከማለት በቀር የሚነግሩን የላቸውም። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዴ ሰሃን እያጠብኩ እኔም መሄድህን እረሳና ቤት ያለህ ይመስለኝ ነበር።

በቅርቡ እማዬ የባትሪውን ክዳን ስትከፍት አንዱ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አውጥቶ አገኘችው። ደንግጣ ሁሉንም አወጣቻቸው፤ ቦታውንም በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፣ ልክ አንተ እንዳልከው። በሶኬት ይሠራ ስለነበር አዲስ ባትሪ መግዛት ለማናችንም አልታየንም።

ሰንበት ብሎ አባዬ ጠራኝ። "ጌታውን ይግባ በይው። እኔ ትቼዋለሁ፣ እሱም ይተወው" አለ። ምን ልበለው? ልምምድ ላይ ነው፣ ነገ ይገባል አልኩት። ከእማዬ ጋር ስለ ነገ ስንመክር አመሸን፤ አንድም የሚሆን ነገር አላገኘንም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ሰማዩ ሲያጓራ እማዬ ከጓሮ ሮጣ ገባች፤ እርጥብ እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ ገመዱን ሳይሆን ሶኬቱን ይዛ ነቀለችው። አመሻሽ ላይ መልሼ ሰክቼ ያንኑ ቁልፍ ብነካ ምንም የለም። ደጋግሜ ነካሁት። አባዬ ንጹህ ሸሚዝ አስለብሱኝ ብሎ ተቀምጦ እየጠበቀህ ነው፣ እራቱ ቀዝቅዟል። የማደርገው ቢጠፋኝ በአንድ ጣቴ ዜማውን ለመለቃቀም ሞከርኩ። ብዙም ሳልሄድ፣ "ይሄ የሱ እጅ አይደለም" አለ ከወዲያ።

ገብተን ነገርነው። ሄዷል፣ ደህና ነው፣ ይደውላል አልነው። እስከ መጨረሻው ሰምቶን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"መጨረሻ የደወለው መቼ ነው?"

እኔ እማዬን አየሁ፣ እማዬ እኔን አየችኝ። ዓይኑ ባያይም ዝምታችንን ሰማው። ሸሚዙን አውልቁልኝ አለ።

ኪቦርዱን ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ምንም እንዳልጎደለው፣ እንዲህ በንጽህና የተያዘም አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የዚህ ዓይነቱ የቀዱበትን የሚያስታውሰው ኃይል እስካገኘ ድረስ ነው፣ ባትሪም ሶኬትም ካጣ ይጠፋበታል አለኝ። እስከዛሬ በመብረቅ ስንነቅለው ባትሪው ነበር የሚይዝልን። ይመለስ ይሆን ብዬ ብጠይቀው አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉ ምክርህ ይቺን ብቻ ሳትነግረን ሄድክ። ለእማዬ መብረቁ ነው ያበላሸው አልኳት። እጇ ነው ያጠፋው ብላ እንድትኖር አልፈለግኩም።

አባዬ አሁን ስምህን አያነሳም፣ አይተችም፣ እራቱንም ሁለት ጎርሶ ይመልሳል። ትናንት እማዬን ጠርቶ "ዕቃውን ለሚጫወትበት ሰው ስጡት" አላት። እሷም ሲመጣ ምን እንለዋለን ብትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሟች ልብስ እንደሚሰጠው ነው የሚያሰጠው። ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ በምን አፌ?

አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ነው። እማዬ ጨርቁን ሳይቀር አጥባ አዘጋጅታለታለች። ይህን ደብዳቤ የምልከው በመጨረሻው አድራሻህ ነው፤ ከዚህ በፊት የላክኳቸው ተመልሰው መጥተዋል፣ ይሄም የሚተርፍ አይመስለኝም። ቢደርስህ ግን አንድ ነገር እወቅ። አባዬ ይቅር ብሎሃል። ንገሪው ብሎ አልላከኝም፤ የሚነገረው ሰው ያለ አይመስለውም።

እህትህ፣
ከዚያው ቤት