ማኅደራችን ተሟልቶ በመገኘቱ ለተወሰደብን እርምጃ የቀረበ ምስጋና

ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባልበት ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ በሩ ላይ የሚቆሙት ጥበቃዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ ደግሞ፣ ሊፍታችሁ እስኪጠገን ድረስ ባለፉት ስድስት ሳምንታት አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ቢሮዎ በእግሬ ስለወጣሁ ጉልበቴ ከወትሮው እጅግ በርትቷል፤ ለዚህ ውለታዎ ምን እንደምከፍልዎ አላውቅም።

እኔ የአንዲት አነስተኛ የልብስ ንጽሕና መስጫ ባለቤት ነኝ። አምስት ሠራተኞች፣ ሦስት የማጠቢያ ማሽኖችና አንድ የእንፋሎት መተኮሻ አሉኝ። ነገሩን በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሐኪም የካውያ ሠራተኛዬን ቀኝ እጅ ለማዳን ቀጠሮ ስለያዘ፣ ቀጠሮው የሚጸናው ደግሞ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት አንዲት ወረቀት ከሰጠን ብቻ ስለሆነ ነው። ሠራተኛውን እኛ ምላጭ እንለዋለን፤ እሱ የተኮሰው ሱሪ መስመሩ ጣት ይቆርጣል ተብሎ የወጣለት ስም ነው።

ምስጋናዬን በተራ ከመደርደሬ በፊት የሒሳብ ባለሙያችንን ላስተዋውቅዎ። ጋሽ ደረሰኝ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሻይ ሲጋብዙት እንኳ ደረሰኝ ይጠይቃላ! የትንንሽ ሱቆችን ሒሳብ በየተራ እየዞረ ይሠራል፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ሲሆን፣ የታጠፉትን አንሶላዎች ገፋ አድርጎ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እኔ የቀጠርኩት ለግብር ነበር። በመጀመሪያው ማክሰኞ ግን የደመወዝ ዝርዝሩን ሲያይ መነጽሩን አወለቀና የእነዚህ ሰዎች የሥራ ውል የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ የምን ውል ነው ደግሞ፣ እነሱ እኮ ልጆቼ ናቸው አልኩት። እንግዲያው ልጆችሽ ከሆኑ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን አምጪ፣ ሠራተኞችሽ ከሆኑ ውላቸውን አምጪ አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቼ ስላልኳቸው ለዓመታት የዓመት ፈቃድ ሰጥቻቸው አላውቅም ነበር፤ ልጅ ከእናቱ ቤት ምን ፈቃድ ይወጣል ብዬ። የትርፍ ሰዓት የሚባለውንም ነገር እንደ ፍቅር መግለጫ ነበር የምቆጥረው። ጋሽ ደረሰኝ በአራት ወር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ማኅደር ከፈተ፤ ውሉ ተጻፈ፣ ተነበበላቸው፣ ተፈረመ፤ የፈቃድ ካርድ ወጣ፤ የትርፍ ሰዓት መዝገብ ተሰመረ፤ የጡረታ መዋጮው ተስተካከለ፤ ከሁሉም በላይ ለአምስቱም የሥራ ላይ ጉዳት መድን ተገባላቸው። ግድግዳው ላይም ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሰሌዳ ለጠፈ። እኔ ተነጫነጭኩ። ሰውየው የሚሠራው ለእኔ ነው ለእነሱ እያልኩ ለእህቴ ሳማው ከረምኩ። ለሁለታችንም መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ ንቃት ከልብ አመሰግናለሁ። መጥተው የሠራተኞችን ማኅደር ሲጠይቁ፣ ጠይቀው ሳይጨርሱ ጋሽ ደረሰኝ አምስቱንም ከፊታቸው ደረደረላቸው። አገላብጠው አዩ፤ ደግመው አዩ። የያዙት ቅጽ «የታየ ጉድለት» የሚል እንጂ «ጉድለት አልታየም» የሚል ቦታ ስላልነበረው፣ እስክሪብቶውን አንዴ ወደ ወረቀቱ አንዴ ወደ ጣሪያው እያደረጉ ሲጨነቁ ሳያቸው አንጀቴን በሉት። በመጨረሻ «አምስት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ይህን ያህል የተሟላ ማኅደር ሊኖረው ስለማይችል ለማጣራት ተወስዷል» ብለው ጻፉና ተገላገሉ። ጋሽ ደረሰኝ ዋናውን ወስደው ቅጂውን ይተዉልን ብሎ ቢለምን፣ ዋናውና ቅጂው መመሳሰላቸውም መጣራት አለበት ብለው ሁለቱንም በሙዝ ካርቶን ጭነው ሄዱ። ደረሰኝ መቼም ሰጥተውናል፤ «አንድ ካርቶን፣ ውስጡ ወረቀት ያለበት» ይላል። ጋሽ ደረሰኝ ዕድሜውን ሙሉ ማንንም በቃሉ አምኖ አያውቅም፤ እናንተን ግን መሥሪያ ቤት ናቸው ብሎ አመነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ካርቶኑ ከተወሰደ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የእንፋሎት መተኮሻው ክዳን መያዣው ተሰብሮ የምላጭ ቀኝ እጅ ላይ ወደቀ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የጮህኩትም እኔ ነኝ፣ እሱ ከንፈሩን ነክሶ ክዳኑን በግራ እጁ ገፋው። በዚያኑ ዕለት የመጀመሪያው ሕክምና ተደረገለት። ሁለተኛውና ጅማቱን የሚያላቅቀው ቀዶ ሕክምና የሐሙሱ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሦስቱ ጣቶች እንደታጠፉ ይቀራሉ ብሎናል ሐኪሙ። የመድን ድርጅቱ ክፉ አልሆነብንም፤ ወጪውን ለመክፈል የጠየቀን የሥራ ውሉን ብቻ ነው። ውሉ ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ካርቶኑ እናንተ ጋ ነው፤ ስለዚህ ወደ እርስዎ ጻፍን። እርስዎም በፊርማዎ፣ በማኅደር ክፍላችሁ ተፈልጎ ስላልተገኘ «ግለሰቡ የድርጅቱ ሠራተኛ ስለመሆኑ ጽሕፈት ቤታችን የሚያውቀው ነገር የለም» ብለው መለሱልን። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ የአካባቢውን ሱሪ ሲተኩስ ኖሯል፤ ምናልባት ያን ደብዳቤ ሲፈርሙ የለበሱትንም ጭምር።

ሦስተኛ፣ ስለ ትጋታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ሌላ ተቆጣጣሪ ልካችሁልናል። እኚህኛው ማኅደር ሲጠይቁ ደረሰኙን አሳየናቸው፤ ደረሰኝ ማኅደር አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይደለም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካላቀረብን ቤቱ እንደሚታሸግ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውን ሄዱ። እንግዲህ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ማኅተም፣ አንዱ ፋይሉ የለንም የሚል ሌላው ፋይል የላችሁም የሚል ሁለት ደብዳቤ ይዣለሁ፤ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እስቃለሁ፣ ከዚያ ምላጭ በሻሽ የተጠቀለለ እጁን ታቅፎ ሲገባ ሳቄ ይጠፋል።

አራተኛ፣ ስለተለገሰኝ ምክር። በዘጠነኛው ምልልሴ በመስኮት የሚያስተናግዱት ባለሙያዎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እትዬ ለምን ይለፋሉ፣ አዲስ ውል ጽፈው የዛሬ ስድስት ዓመት ቀን ያድርጉበት፣ ማን ያየዋል አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደረጃውን በሩጫ ወርጄ ሱቅ ስደርስ የምላጭ ሚስት ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን ጋሽ ደረሰኝ ፊት አኖርኩና በል ጻፍ አልኩት። እስክሪብቶውን ከፈተ፤ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየና መልሶ ከደነው። ይህ ሰው እውነተኛ ውል አለው፣ በውሸት ቀን አላበላሽበትም፣ ነገ ቢታወቅ መድኑ እሱንም አንቺንም ሜዳ ላይ ይጥላችኋል አለ። ሴትየዋ አለቀሰች፤ ጋሼ በልጆቼ ይዤሃለሁ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ተሽቀዳድሞ አነሳት፣ ግን አልጻፈም። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ጋሽ ደረሰኝን ጠላሁት። ማሽኖቼን ሸጬ አሳክመዋለሁ፣ አንተ ግን ከፊቴ ጥፋ አልኩት። ማሽኖቹ ከተሸጡ የቀሩት አራቱ ምን ይሠራሉ ብሎ ጠየቀኝና፣ መልስ ሳይጠብቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

የወጣው ተቀይሞ መስሎኝ ነበር። ለካ የሄደው ወደ እናንተው ኖሯል። ካርቶን አይጠፋም፣ የሚጠፋው ያስቀመጠው ሰው ነው እያለ ሲያጠያይቅ ውሎ፣ በመጨረሻ ጥበቃዎ አዝነው ምሥጢሩን ነገሩት። ማኅደር ክፍሉን ስታደራጅ የነበረችው ልጅ የለችም፣ እሷ ከሌለች እዚያ ክፍል ውስጥ ወረቀት ፈልጎ የሚያገኝ አልተወለደም አሉት።

ስለዚህ አምስተኛው ምስጋናዬ ስለ አርአያነትዎ ይሆናል። ይህች ልጅ ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ አራት ዓመት በቀን ሠራተኛነት እየፈረመች ሠርታለች፤ ውል አልነበራትም። ሆዷ ሲገፋ የወሊድ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ውል ላለው ሠራተኛ ነው ተብላ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት ሳይኖር በዚያው ቀርታለች። ከማኅደር ክፍሉ በር ጎን «የነፍሰ ጡር ሠራተኛ መብት ይከበር» የሚል ትልቅ ፖስተር አለ፤ መሰላል ላይ ወጥታ የለጠፈችው ራሷ ናት። ጋሽ ደረሰኝ ቤቷ ድረስ ሄዶ ሲጠይቃት ልጇን እያጠባች ሳቀች አሉ። የሙዝ ካርቶኑማ ከአእምሮዬ አይጠፋም፣ በአራት ዓመት ውስጥ ምንም ያልጎደለው ፋይል ሲመጣ የመጀመሪያው ስለነበር ከሌላው እንዳይደባለቅ ለብቻው አሰርኩት አለችው። ከእሷ በኋላ መደርደሪያዎቹን ወደ ምድር ቤት አውርዳችሁ ሁሉንም አንድ ላይ ስለከመራችሁት በቃል ልታስረዳው አልቻለችም፤ ግን የገመዷን አስተሳሰር አታጣውም፣ ዓይኗ ካየው ታወጣዋለች።

ጋሽ ደረሰኝ ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም ማክሰኞ ሳይሆን ስለመጣ ለዛሬው እንደማያስከፍለኝ ነገረኝ።

ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለሊፍትዎ ዕድሜ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በሁለት ደብዳቤዎችዎ መሐል ተጣብቄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የልብስ ንጽሕና መስጫዋ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ፣ ከጋሽ ደረሰኝና ከምላጭ ጋር ደጃፍዎ ትገኛለች። ጥበቃዎ ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውናል፤ በመመሪያችሁ መሠረት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ያልሆነ ማንም ሰው ማኅደር ክፍል አይገባም። መመሪያ ይከበር ባይ ነንና ጋሽ ደረሰኝ በጽሕፈት ቤትዎ ስም ሁለት ደብዳቤ አዘጋጅቶ ከዚህ ጋር አያይዞልዎታል። አንደኛው ይህች ሴት ላለፉት አራት ዓመታት ሠራተኛችን ነበረች፣ አሁንም ናት ይላል፤ እሱን ከፈረሙ በሩ ይከፈትላታል። ሁለተኛው ሠራተኛችን ሆና አታውቅም ይላል፤ እሱን ከፈረሙ ምላጭ ሐሙስን ቤቱ ይውላል። ደብዳቤውን እጅ በእጅ የሚቀበልዎ ምላጭ ራሱ ነው፤ በግራ እጁ ስለሆነ ትንሽ ይታገሡት።